ሚኒሞው የሚንቀጠቀጥ፣ ነዳጅ የሚበላ አሮጌ መኪና እንዴት ይመረመራል?

ጤና ይስጥልኝ። ለዛሬ የያዝነው ጉዳይ አሮጌ የቤንዚን መኪና የያዘ ሰው ሁሉ ይዋል ይደር እንጂ የሚያነሳቸው ሁለት ቅሬታዎች ናቸው፦ «ነዳጅ በላብኝ» እና «ስቆም ሞተሩ ይንቀጠቀጣል»። ብዙውን ጊዜ ሁለቱ ለየብቻ ነው የሚታዩት። ነዳጅ ለበላው ካንዴላና ፊልትሮ ይለወጣል፤ ለሚንቀጠቀጠው ሚኒሞው (መኪናው ቆሞ ሞተሩ በራሱ የሚዞርበት ዝቅተኛ ዙር) በካቻቢቴ ከፍ ይደረግና መኪናው ይሸኛል። ሁለቱ አብረው ሲታዩ ግን ምክንያታቸው በአብዛኛው አንድ ነው። ያንን ምክንያት ለማግኘት ዕቃ ከመለወጥ በፊት መለካት ይቀድማል። ስለዚህ ምን እንደሚለካ፣ በምን እንደሚለካ፣ ቁጥሩ ይህን ያህል ሲሆን ምን ማለት እንደሆነ በቅደም ተከተል እናያለን።

አስቀድመን ሚኒሞ ላይ ሞተሩ ውስጥ ምን እንደሚካሄድ እንረዳ። አንድ ኪሎ ቤንዚን ተስተካክሎ ለመቃጠል 14.7 ኪሎ ያህል አየር ይፈልጋል። አየሩ ከዚህ ሲበዛ ድብልቁ ሳሳ ይባላል፤ ሲያንስ ወፈረ። መኪናው ቆሞ ሞተሩ በራሱ ሲዞር የአየር መግቢያው ቢራቢሮ ሊዘጋ ምንም አልቀረውም፤ ወደ ሲሊንደሮቹ የሚገባው አየር እጅግ ጥቂት ነው። በአንዲት የተሰነጠቀች ቱቦ የሚሾልከው አየር ከዚህ ጥቂት ላይ ከፍ ያለ ድርሻ ይይዛል። ያችው ስንጥቅ በ100 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ሲነዳ ከሚሳበው አየር ብዛት አንጻር ከቁጥር አትገባም። የሞተሩ ገመና ሚኒሞ ላይ የሚወጣው ለዚህ ነው።

ነዳጁ ውስጥ የሚገባበት መንገድ ደግሞ ይኸው። አንድ ሲሊንደር ሳያቃጥል ሲቀር ያልተቃጠለው ቤንዚንና ያልተቃጠለው ኦክስጅን አብረው ወደ ጭስ ማውጫው ይወጣሉ። እዚያ ያለው የኦክስጅን ሴንሰር ቤንዚኑን አያይም፤ የሚያየው ኦክስጅኑን ነው። ስለዚህ «ድብልቁ ሳስቷል» ብሎ ለኮምፒውተሩ ይናገራል፤ ኮምፒውተሩም አምኖ ለደህናዎቹ ሲሊንደሮች ሁሉ ነዳጅ ይጨምርላቸዋል። በአንዱ ካንዴላ ጥፋት አራቱም ይሰክራሉ። ይህን ያልተረዳ ሰው ጥቁር ጭስ ሲያይ ኢንጄክተር ይገዛል፤ ችግሩ ግን አንድ የተቃጠለ ካቮ (እሳቱን ወደ ካንዴላው የሚወስደው ሽቦ) ሊሆን ይችላል።

ፍጆታው በእርግጥ ጨምሯል?

የነዳጅ መጠቆሚያው መርፌ መለኪያ አይደለም። የሚያስተማምነው ዘዴ እንዲህ ነው፦ ማደያው ላይ ቀጂው መሣሪያ በራሱ እስኪቋረጥ ይሙሉ፤ ከተቋረጠ በኋላ አይጨምሩ። የኪሎ ሜትሩን ቁጥር ይጻፉ። ቢያንስ 300 ኪሎ ሜትር በለመዱት አነዳድ ይንዱ። ከዚያ በዚያው ማደያ፣ በዚያው መቅጃ፣ መኪናውን በዚያው አቅጣጫ አቁመው እንደገና እስኪቋረጥ ይሙሉ። 400 ኪሎ ሜትር ነድተው 38 ሊትር ከገባ ለ100 ኪሎ ሜትር 9.5 ሊትር ነው፤ በሌላ አባባል በሊትር 10.5 ኪሎ ሜትር ገደማ። አንድ ሙሌት ብቻ ያሳስታል፤ ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ተደጋግሞ አማካዩ ይወሰድ።

የጎማው መጠን ከፋብሪካው የተለየ እንደሆነም ይዩ። ጎማው ከተተከለለት ትልቅ ከሆነ ቆጣሪው ከሄዱት ያነሰ ኪሎ ሜትር ይቆጥራል፤ መኪናው ያልበላውን በላ ያሰኛል። ቆሞ የሚሠራበት ጊዜም ይቆጠራል። መካከለኛ ሞተር ሚኒሞ ላይ ብቻ በሰዓት ከ0.6 እስከ 1.2 ሊትር ያቃጥላል። በቀን አንድ ሰዓት ተጨናንቆ የሚቆም መኪና ፍጆታው ቢጨምር ሞተሩ ጥፋተኛ አይደለም።

ከሞተሩ ውጭ ያለውን ቶሎ እንለፈው፤ ነገር ግን አይዘለል። የጎማ ነፋስ በር ላይ በተለጠፈው ልክ ይሁን። ከዚያ ፍሬኑን መፈተሽ ነው፦ አሥር ኪሎ ሜትር ያህል ፍሬን በብዛት ሳይነኩ ነድተው ያቁሙና እጅዎን ወደ ቸርኬዎቹ መሐል ያስጠጉ። አንዱ ከሌሎቹ ተለይቶ የሚፋጅ ከሆነ ሸራው ይዟል ማለት ነው። ክሪክ አስገብተው፣ የእጅ ፍሬን ለቀው፣ ፎሌ ላይ አድርገው ጎማውን በእጅ ሲያዞሩት ያለ ትግል መዞር አለበት። ፍሪሲዮን የሚንሸራተት ከሆነም ሞተሩ ይጮኻል እንጂ መኪናው አይሄድም፤ ይህም ነዳጅ ነው። አውቶማቲክ ካምቢዮ ያላቸው ደግሞ በረጅም መንገድ፣ ሙቅ ሞተር ይዘው፣ በአንድ ፍጥነት ሲነዱ የዙር መቁጠሪያው ከቀድሞው ከፍ ብሎ የሚቀር ከሆነ የኮንቨርተሩ መቆለፊያ እየያዘ እንዳልሆነ ይጠርጥሩ።

መንቀጥቀጡም በእውነት የሞተሩ መሆኑ ይረጋገጥ። የዙር መቁጠሪያው መርፌ ጸጥ ብሎ 750 ላይ ተቀምጦ መሪውና ወንበሩ ብቻ የሚንዘረዘር ከሆነ፣ ሞተሩን የሚሸከሙት ጎማዎች ተቀድደው ወይም ተጫጭነው ይሆናል። ለሞቀ ባለ አራት ሲሊንደር ሞተር ከ650 እስከ 850 ዙር በደቂቃ የተለመደው ሚኒሞ ነው፤ ትክክለኛው ቁጥር በብዙ መኪኖች ኮፈኑ ሥር በተለጠፈው ወረቀት ላይ ይገኛል።

ሙቀት ከሁሉ ይቅደም

ሞተሩን መመርመር ስንጀምር የመጀመሪያው ጥያቄ «በቂ ይሞቃል ወይ?» ነው። ቀዝቃዛ ሞተር ወፍራም ድብልቅ ይፈልጋል፤ ሙቀቱ እስኪደርስ ኮምፒውተሩ ነዳጅ ይጨምራል፣ ዙሩንም ከፍ ያደርጋል። ሞተሩ እስኪሞቅ ውሃው ወደ ራዲያተሩ እንዳይሄድ የሚዘጋው ቴርሞስታት ተከፍቶ ከቀረ ሞተሩ በመንገድ ላይ ከ65 ወይም ከ70 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳያልፍ ሊውል ይችላል። መኪናው ቀኑን ሙሉ ጧት እንደተነሳ ሆኖ ይበላል። ሞተሩ ይፈላል ተብሎ ቴርሞስታት አውጥቶ መጣል የተለመደ መፍትሔ ነው፤ ነገር ግን ራዲያተሩ የተደፈነ መኪና ቴርሞስታቱ ስለወጣ አይድንም። ይልቁንም ነዳጅ መብላትና የሲሊንደር መበላት ይጨመርበታል፤ ዘይቱም በቤንዚን ይቀጥናል።

ፈተናው ቀላል ነው። ቀዝቃዛውን ሞተር አስነስተው የራዲያተሩን የላይኛውን ቱቦ ይጨብጡ። ለመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ቀዝቃዛ ሆኖ ቆይቶ፣ ቴርሞስታቱ ሲከፈት በድንገት መሞቅ አለበት። አብዛኞቹ ከ82 እስከ 90 ዲግሪ ባለው ይከፈታሉ። ቱቦው ከመጀመሪያው ጀምሮ ለብ እያለ ቀስ በቀስ የሚሞቅ ከሆነ ቴርሞስታቱ አይዘጋም ወይም የለም። ቱቦውን ሲጨብጡ እጅዎና ልብስዎ ከቬንትሌተሩ ይራቅ፤ የኤሌክትሪኩ ቬንትሌተር ሳያስጠነቅቅ ይነሳል።

ቴርሞስታቱ ደህና ከሆነ ሙቀቱን ለኮምፒውተሩ የሚናገረው ሴንሰር ይለካ። ይህ ዳሽቦርዱን ከሚያንቀሳቅሰው ብዙ ጊዜ የተለየ ባለ ሁለት ሽቦ ሴንሰር ነው። ስለዚህ ዳሽቦርዱ ትክክል ቢያሳይም ኮምፒውተሩ ተታሎ ሊሆን ይችላል። ሶኬቱን ነቅለው ቴስተሩን ኦም ላይ ያድርጉ፦ በብዙ የጃፓን መኪኖች በ20 ዲግሪ ከ2,000 እስከ 3,000 ኦም፣ በ80 ዲግሪ ከ200 እስከ 400 ኦም ያነብባል። ሲሞቅ መቋቋሙ ይቀንሳል ማለት ነው። እዚህ ላይ አንድ የሚዘነጋ ነገር አለ፦ የዛገ ሶኬት በራሱ ኦም ይጨምራል፤ ተጨማሪ ኦም ደግሞ ለኮምፒውተሩ «ብርድ ነው» ማለት ነው። ሴንሰሩን ከመግዛት በፊት ሶኬቱን ያጽዱ።

ያልተፈቀደ አየር

ሁለተኛው ጥያቄ አየር በማይገባበት ይገባል ወይ የሚለው ነው። አሮጌ መኪና ላይ ሰፊውን ጊዜ መስጠት የሚገባው ለዚህ ነው፤ ላስቲክ ዕድሜ አለውና። ሞተሩ ቀዝቀዝ ሲል፣ ጨለም ባለ ቦታ የእጅ ባትሪ ይዘው እያንዳንዱን ቱቦ በጣትዎ እየጠመዘዙ ይዩ። ቀጥ ብሎ ሳለ ደህና የሚመስለው ሲጠመዘዝ ስንጥቁን ያሳያል። በተለይ ከአየር መለኪያው ወደ ስሮትሉ (ቢራቢሮው ያለበት ክፍል) የሚሄደው ወፍራም የተሸበሸበ ቱቦ ከሥሩ ይሰነጠቃል። ሞተሩ ነዳጅ ሲሰጠው ስለሚወዛወዝ ስንጥቁ ይከፈታል፤ ሲቆም ይዘጋል። ከዚያ ወደ ፍሬን ሰርቮው የሚሄደው ቱቦ፣ የክራንክኬዙ ማስተንፈሻ ቫልቭ፣ የኢንጄክተሮቹ ቀለበት ላስቲኮች፣ አየሩን ለሲሊንደሮቹ የሚያከፋፍለው የማኒፎልዱ ጓርኒሲዮን (የመገጣጠሚያው ማሸጊያ) ይታዩ።

ሞተሩ እየሠራ ቱቦዎቹን አንድ በአንድ በፒንሳ፣ ጨርቅ አልብሰው፣ ቀስ አድርገው ይጫኑ። አንዱን ሲጫኑ መንቀጥቀጡ ከጠፋ ቀዳዳው ከዚያ ቱቦ ወዲያ ማዶ ነው። የሰርቮውን ሲጫኑ ሞተሩ ከተስተካከለ ሰርቮው ውስጥ ያለው ላስቲክ ተቀድዷል፤ ይህ የፍሬን ጉዳይ ስለሆነ ለነገ አይባልም። የማስተንፈሻውን ቫልቭ አውጥተው ያንቀጭሉት፤ መንኳኳት አለበት። የማይንቀጨል ከሆነ ተደፍኗል ወይም ተጣብቋል።

የማኒፎልድ ጓርኒሲዮን ለመፈተሽ ብዙዎች የካርቡሬተር ማጽጃ ስፕሬይ ይነፋሉ። ይሠራል፤ ነገር ግን ሞቃት ጭስ ማውጫ አጠገብ የሚቀጣጠል ፈሳሽ መንፋት ነው፤ በተለይ ካቮዎቹ ብልጭታ የሚያፈስሱ ከሆነ። በጠርሙስ መርጫ ውሃ ቀስ አድርጎ መርጨት ብዙ ጊዜ ይበቃል፦ ውሃው ስንጥቁን ለጊዜው ስለሚደፍነው የሞተሩ ድምፅ ይለወጣል። ውሃው ቦቢናና ሶኬት ላይ እንዳይደርስ መጠንቀቅ ነው።

የሚሾልክ አየር ምልክት በሁሉም መኪና አንድ ዓይነት አይደለም። የአየር መጠን መለኪያ ያለው ሞተር ከመለኪያው ወዲህ የገባውን አየር አያውቀውም፤ ስለዚህ ድብልቁ ይሳሳል፣ ሞተሩ ይንቀጠቀጣል። አየሩን በማኒፎልድ ግፊት የሚገምተው ዓይነት ግን የገባው አየር ግፊቱን ከፍ ስለሚያደርገው ነዳጅ ይጨምርለታል፤ ሚኒሞው ከመንቀጥቀጥ ይልቅ ወደ 1,200 ወይም 1,500 ዙር ይወጣል።

የቫኪዩም ጌጅ ርካሽ ነው፤ ከብዙ ውድ መሣሪያ የበለጠም ይናገራል። ከማኒፎልዱ ጋር በቀጥታ በሚገናኝ ቱቦ ላይ ይሰካ። በባሕር ጠለል ከፍታ ጤነኛ ሞተር ሚኒሞ ላይ ከ17 እስከ 22 ኢንች ሜርኩሪ ያሳያል። ከፍታው በየ300 ሜትሩ ሲጨምር አንድ ኢንች ያህል ይቀነስ፤ 1,500 ሜትር ላይ ከ12 እስከ 17 ጤነኛ ነው። ይህን ሳያሰላ የሚያነብ ሰው ደህናውን ሞተር ይፈታል። ከቁጥሩ ይልቅ የመርፌው ጠባይ ይታይ። ጸጥ ብሎ ዝቅ ካለ ታይሚንግ (ካንዴላው እሳት የሚሰጥበት ጊዜ) ዘግይቷል፣ ወይም አየር ይሾልካል፣ ወይም የካምሻፍቱ ችንጋ ጥርስ ዘሏል። በእኩል ጊዜ ልዩነት ጠቅ ጠቅ እያለ የሚወርድ ከሆነ አንድ ሲሊንደር አያቃጥልም ወይም አንድ ቫልቭ አይዘጋም። 2,500 ዙር ላይ ይዘውት መርፌው ቀስ እያለ የሚወርድ ከሆነ ጭስ ማውጫው ተደፍኗል፤ ካታሊስቱን (ጭሱን የሚያጣራውን) ወይም ማርሚታውን (ድምፁን የሚያፍነውን) ይፈትሹ።

አየርን ሳንጨርስ፦ ጭስ መላሹ ቫልቭ በጥላሸት ተከፍቶ ሲቀር የተቃጠለ ጋዝ ሚኒሞ ላይ ይገባና ሞተሩን ያንቀዋል፤ ነዳጅ ሲሰጡት ግን ይስተካከላል። የስሮትሉ ጠርዝና የሚኒሞ ቫልቩም በጥቁር ቅባት ይዘጋሉ፤ በማጽጃና በለስላሳ ጨርቅ ይጸዳሉ። በኤሌክትሪክ ሞተር የሚከፈተውን ስሮትል ግን በጣት ገፍተው አይክፈቱት፤ ጥርሱ ይሰበራል።

የአየር ፊልትሮን በተመለከተ አንድ ልማድ ልናርም ይገባል። የአሜሪካው ኦክ ሪጅ ብሔራዊ ቤተ ሙከራ በ2009 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጥናት፣ ኮምፒውተር ያላቸው ኢንጄክሽን መኪኖች ላይ የተደፈነ ፊልትሮ የመፍጠን አቅማቸውን ይቀንሳል እንጂ የነዳጅ ፍጆታቸውን ይህ ነው በሚባል ደረጃ እንደማይለውጥ አሳይቷል፤ ኮምፒውተሩ ያነሰውን አየር አይቶ ነዳጁንም ይቀንሳልና። በካርቡሬተር መኪና ላይ ግን የተደፈነ ፊልትሮ ድብልቁን ሊያወፍረው ይችላል። ፊልትሮ ይለወጥ፣ ነገር ግን የኢንጄክሽን መኪና ነዳጅ በላ ሲባል መልሱ እሱ ነው ብለን አንረፍ።

እሳቱ

ካንዴላዎቹን ሞተሩ ሲበርድ ይፍቱ፤ የአሉሚኒየም ቴስታታ (የሞተሩ ራስ) ጥርስ ሲሞቅ ይላጣል። ከየትኛው ሲሊንደር እንደወጡ በቅደም ተከተል ያስቀምጧቸው። ፈዛዛ ቡናማ ወይም ግራጫ ደህና ነው። ደረቅ ጥላሸት ወፍራም ድብልቅ ነው። እርጥብና ዘይታማ ጥቁር የፋሻ (የፒስተን ቀለበት) ወይም የቫልቭ ጎማ ማርጀት ነው። የነጣና የተፈላቀቀ ሳስቷል ወይም ከልክ በላይ ሞቋል። አራቱም አንድ ዓይነት ከሆኑ ምክንያቱ የጋራ ነው፦ ሙቀት፣ የነዳጅ ግፊት፣ ሴንሰር። አንዱ ብቻ ከተለየ ችግሩ ከዚያው ሲሊንደር ጋር ነው።

ክፍተታቸው በፊለር ጌጅ ይለካ። ፑንቲና (ዲስትሪቢዩተሩ ውስጥ እየተከፈተ እሳቱን የሚያስነሳው መገናኛ) ባላቸው አሮጌ መኪኖች ከ0.7 እስከ 0.8 ሚሊ ሜትር፣ በኤሌክትሮኒክ ማቀጣጠያ ከ1.0 እስከ 1.1 ሚሊ ሜትር የተለመደ ነው፤ የመኪናው መጽሐፍ ሌላ ካለ እሱ ይያዝ። ሲመልሱ በእጅ እስኪደርስ ያስገቡ፤ ከዚያ ጥርሱ 14 ሚሊ ሜትር ለሆነ ካንዴላ በአሉሚኒየም ላይ ከ25 እስከ 30 ኒውተን ሜትር ይበቃል።

ካቮዎቹን በጨለማ ሞተሩ እየሠራ ይመልከቷቸው፤ ውሃ በስሱ ቢረጩባቸው የሚያፈስሱት ሰማያዊ ብልጭታ ያሳያሉ። ይህን ሲያደርጉ በእጅ አይንኩ። በቴስተር ሲለኩ ብዙ አምራቾች ለአንድ ካቮ ከ25 ኪሎ ኦም በላይ አይፈቅዱም። የዲስትሪቢዩተሩን ክዳን ከውስጥ ይዩት፤ እንደ ፀጉር የቀጠነ ጥቁር መስመር ካለ ክዳኑ ተሰንጥቋል።

ፑንቲና ያለው መኪና ላይ ክፍተቱ ከ0.4 እስከ 0.5 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ካሙን የሚነካው ተረከዙ ሲበላ ክፍተቱ ይጠብባል፤ ክፍተቱ ሲጠብ ታይሚንጉ ይዘገያል። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ መጀመሪያ ክፍተት፣ ቀጥሎ ታይሚንግ ነው፤ የተገላቢጦሽ ከሆነ ሥራው ይፈርሳል። ታይሚንጉ በመብራት ሲታይ የቫኪዩሙ ቱቦ ተነቅሎ ጫፉ ይደፈን። ብዙ አሮጌ ሞተሮች ሚኒሞ ላይ ፒስተኑ ጫፍ ከመድረሱ ከ5 እስከ 10 ዲግሪ ቀድመው ያቃጥላሉ።

ከዲስትሪቢዩተሩ ጎን ያለችውን ክብ ቆርቆሮ፣ የቫኪዩም አድቫንሷን፣ እዩልኝ። ውስጧ ያለው ዲያፍራም ሲቀደድ ሁለቱንም ቅሬታ በአንድ ጊዜ ታመጣለች፦ በቱቦዋ በኩል አየር ስለምታሾልክ ሞተሩን ታናውጠዋለች፤ በመንገድ ላይ እሳቱን ስለማታስቀድም ነዳጅ ታስበላለች። ክዳኑን ከፍተው ቱቦዋን በአፍ ይሳቡ፤ ውስጥ ያለው ሳህን መንቀሳቀስ አለበት፤ ቱቦውን በምላስ ሲደፍኑት ባለበት መቆየት አለበት። ወዲያው የሚመለስ ከሆነ ተቀድዷል።

የትኛው ሲሊንደር እንደሰነፈ ለማወቅ የማመዛዘን ፈተና ይደረግ። ኢንጄክሽን ከሆነ የኢንጄክተሮቹን ሶኬት አንድ በአንድ እየነቀሉ፣ እየመለሱ፣ የዙሩን መውረድ ይጻፉ። ነቅለውት ዙሩ ያልተነቃነቀው ሲሊንደር መጀመሪያም አይሠራም ነበር። ካታሊስት ባለው መኪና ላይ ካቮ ነቅሎ ማቆየት አይገባም፤ ያልተቃጠለው ቤንዚን ካታሊስቱ ውስጥ እየነደደ ያቀልጠዋል። ኢንጄክተሩ ሲነቀል ግን ነዳጁም ይቋረጣል።

ነዳጁ

በካርቡሬተር እንጀምር። ሞተሩ ሞቆ፣ የአየር ፊልትሮውን አንስተው ከላይ ይመልከቱ። ለብርድ ማስነሻ የሚዘጋው ክዳን፣ ማለትም ቾኩ፣ ቀጥ ብሎ ቆሞ መታየት አለበት። ከዋናው አፍንጫ ሚኒሞ ላይ ቤንዚን የሚንጠባጠብ ከሆነ ተንሳፋፊው ከፍ ብሏል ወይም መርፌው አይዘጋም። ጂግለር (ቤንዚኑ ተለክቶ የሚያልፍበት ቀጭን ቀዳዳ) በሽቦ አይወጋም፤ በማጽጃና በተጨመቀ አየር ብቻ ይጸዳል፤ ሽቦው ቀዳዳውን ካሰፋው ከእንግዲህ የሚመልሰው የለም።

የድብልቁን ብሎን ለማስተካከል ሞተሩ ይሙቅ፣ ፊልትሮው ይመለስ። ሞተሩን አጥፍተው ብሎኑን ሳያስጨንቁ እስከ መጨረሻው ያስገቡና አንድ ተኩል ወይም ሁለት ዙር ያውጡት። ያስነሱ፤ በሩብ ዙር እያወጡና እያስገቡ ዙሩ ወይም ቫኪዩሙ ከፍ የሚልበትን ቦታ ይፈልጉ። ከዚያ የሚኒሞውን ብሎን ይቀንሱ፤ ድብልቁን እንደገና ይፈልጉ፤ ይህን ደጋግሙት። በመጨረሻ ዙሩ ከ20 እስከ 30 እስኪወርድ ያህል ጥቂት ያስገቡት። ብሎኑን ሲያዞሩት ሞተሩ ምንም የማይለው ከሆነ የሚኒሞው ጂግለር ተደፍኗል፣ ወይም ቢራቢሮው ከልክ በላይ ተከፍቶ ነዳጁ በሌላው ቀዳዳ እየመጣ ነው። በመነሻችን ያነሳነው፣ ሚኒሞን ከፍ አድርጎ የመሸኘት ልማድ፣ የሚፈጥረው በትክክል ይህን ነው፦ መንቀጥቀጡ ይሸፈናል፣ ቤንዚኑ ግን ቀንና ሌሊት ይፈስሳል።

ወደ ኢንጄክሽን ስንመጣ፣ የግፊት መቆጣጠሪያውን የቫኪዩም ቱቦ ነቅለው ያሽትቱት። ውስጡ ቤንዚን ካለ ዲያፍራሙ ተቀድዷል፤ ሞተሩ ማንም ሳያዘው በዚያ ቱቦ ቤንዚን እየሳበ ነው። ይህ ሠላሳ ሰከንድ የማይፈጅ ፈተና ከመሆኑም በላይ ብዙ ጊዜ ይዘለላል። ግፊቱ በጌጅ ሲለካ ብዙ አሮጌ ሞተሮች ሚኒሞ ላይ 2.5 ባር ገደማ፣ ቱቦው ሲነቀል 3 ባር ገደማ ያሳያሉ። ሞተሩ ከጠፋ አምስት ደቂቃ በኋላም ከ1.5 ባር መውረድ የለበትም፤ ከወረደ ኢንጄክተር ይንጠባጠባል፣ ወይም መቆጣጠሪያው፣ ወይም የፖምፓው መመለሻ ቫልቭ አይዘጋም።

የኦክስጅን ሴንሰር ያረጃል። ማሞቂያ የሌለው አሮጌ ዓይነት 80,000፣ ማሞቂያ ያለው 160,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሞላው መጠርጠር አለበት። ሞቆ ሲሠራ ከ0.1 እስከ 0.9 ቮልት እየተመላለሰ መዋዠቅ አለበት። ቀስ እያለ የሚንቀሳቀስ ወይም አንድ ቦታ የተቀመጠ ከሆነ ደክሟል። ነገር ግን ከሴንሰሩ በፊት ያለው የጭስ ማውጫ ጓርኒሲዮን ቢሾልክ አየር ወደ ውስጥ ስለሚሳብ አዲስ ሴንሰርም ይዋሻል።

ለአሜሪካ ገበያ ከ1996 እ.ኤ.አ.፣ ለአውሮፓ ደግሞ ከ2001 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተሠሩ የቤንዚን መኪኖች ደረጃውን የጠበቀ የምርመራ ሶኬት አላቸው። እዚያ ላይ ከኮድ ይልቅ የነዳጅ ማስተካከያው መቶኛ፣ ማለትም ኮምፒውተሩ ከመደበኛው ምን ያህል ነዳጅ እንደጨመረ ወይም እንደቀነሰ፣ ይነበብ። ከ10 በመቶ በላይ ወደ ላይም ወደ ታችም ከወጣ ምክንያት አለው። ሚኒሞ ላይ በ18 የጨመረው 2,500 ዙር ላይ ወደ 3 ከወረደ አየር ይሾልካል። ሚኒሞ ላይ ደህና ሆኖ ጭነት ሲበዛ ከጨመረ ፖምፓው ደክሟል፣ የነዳጅ ፊልትሮው ተደፍኗል፣ ወይም የአየር መለኪያው ቆሽሿል። ወደ ታች ከወረደ ነዳጅ ካልታዘዘበት እየገባ ነው።

ኮምፒውተሩ ነዳጅ መጨመሩ ብቻውን ድብልቁ በእርግጥ ሳስቷል ማለት አይደለም። ስለዚህ ቁጥሩን ከካንዴላው ጋር ያስተያዩ። ማስተካከያው በ20 ጨምሮ ካንዴላዎቹ ነጥተው ከሆነ ሞተሩ በእውነት ነዳጅ አንሶታል። ማስተካከያው በ20 ጨምሮ ካንዴላዎቹ በጥላሸት ጠቁረው ከሆነ ግን ሴንሰሩ ተታሏል፦ የማያቃጥል ሲሊንደር፣ የሚሾልክ ጭስ ማውጫ፣ ወይም የሞተ ሴንሰር አለ። ነዳጅ የሚበላው ይህ ሁለተኛው ነው።

ሞተሩ ራሱ

እስካሁን ያልነው ሁሉ ደህና ሆኖ አንድ ሲሊንደር ከሰነፈ ኮምፕሬሽን ይለካ። ሞተሩ ሙቅ፣ ባትሪው ሙሉ፣ ካንዴላዎቹ ሁሉ የወጡ፣ ነዳጁና እሳቱ የተቋረጡ፣ የነዳጅ ፔዳሉ እስከ መጨረሻው የተረገጠ ይሁን። ሞተሪኖው ለእያንዳንዱ ሲሊንደር ከአምስት እስከ ስድስት ምት ያዙር። ቁጥሩ እንደ ሞተሩና እንደ ከፍታው ይለያያል፤ ዝቅተኛው ከከፍተኛው ሦስት አራተኛ በታች ከሆነ ግን ሕመም ነው። በዚያ ሲሊንደር አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ጨምረው እንደገና ይለኩ። ከወጣ ፋሻ ነው፤ ካልወጣ ቫልቭ ወይም ጓርኒሲዮን ነው። ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ሲሊንደሮች አብረው ከወረዱ የቴስታታው ጓርኒሲዮን ይጠርጠር።

ቴስታታ ከመውረዱ በፊት ግን የቫልቭ ክፍተት ይለካ። የሚንቋቋ ቫልቭ ሰውን ያስደነግጣል፤ ይበልጥ የሚያሳስበው ግን ጸጥ ያለው፣ የጠበበው ነው። ክፍተቱ ያለቀ ቫልቭ ሲሞቅ አይዘጋም፤ ሚኒሞ ላይ ይንቀጠቀጣል፣ ቆይቶም ይቃጠላል።

ከተሰብሳቢው የተነሱ ጥያቄዎች

*ከፍ ያለ ኦክቴን ያለው ቤንዚን ፍጆታ ይቀንሳል?* ኦክቴን ቤንዚኑ ያለ ጊዜው እንዳይፈነዳ የሚከላከል አቅም ነው። ለመደበኛው የተሠራ ሞተር ካላንኳኳ በስተቀር ከፍተኛው ምንም አይጨምርለትም።

*ቁልቁለት ላይ ፎሌ ማድረግስ?* ኢንጄክሽን መኪና ማርሽ ውስጥ ሆኖ ፔዳሉ ሲለቀቅ ነዳጁን ፈጽሞ ይቆርጣል፤ ፎሌ ከሆነ ግን ሚኒሞውን ለመያዝ ይበላል። ከዚያም ሞተሩ መኪናውን መያዙ ስለሚቀር ፍሬኑ ብቻውን ይደክማል። ማርሽ ውስጥ ይውረዱ።

*ባትሪ ነቅሎ መመለስ ያስተካክላል?* ኮምፒውተሩ የተማረውን ያስረሳዋል፤ ጥፋቱ ካለ ግን ያንኑ መልሶ ይማራል። ከጥገና በኋላ ቢደረግ ጥሩ ነው፤ ከጥገና በፊት ከሆነ የተመዘገቡትን ኮዶች ያጠፋል፤ ስለዚህ መጀመሪያ ይጻፉ።

*ጥፋቱ ተገኝቶ ተጠግኖ ፍጆታው ወዲያው ባይወርድስ?* የመጀመሪያውን ሙሌት አይቁጠሩት፤ ኮምፒውተሩ አዲሱን ሁኔታ የሚማረው እየተነዳ ነው። ከሁለተኛው ሙሌት ጀምረው በዚያው ማደያ ይለኩ። የዘይቱን መለኪያ ዘንግም አውጥተው ያሽትቱ፦ ቤንዚን ቤንዚን ካለ ወይም ዘይቱ ከመጠኑ ከፍ ካለ፣ ለረጅም ጊዜ የወፈረው ድብልቅ ወደ ታች ወርዷል። ያ ቤንዚን ሞተሩ ሲሞቅ እየተነነ በማስተንፈሻው በኩል ተመልሶ ይቃጠላል፤ ድብልቁንም እንደገና ያወፍራል። ዘይቱና የዘይት ፊልትሮው አብረው ይለወጡ፤ በጥላሸት የጠቆሩት ካንዴላዎችም እንዲሁ፤ ከዚያ ይለካ።